ብላክ ሳባዝ፦ ከላሜራ ፋብሪካ የወጣው ድምፅ

ሔቪ ሜታል ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ጥቁር ልብስ፣ የራስ ቅል ሥዕልና ጩኸት ነው። «የሰይጣን ሙዚቃ» ሲባልም በየስብከቱ ሰምተናል። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱን ደግሞ ካርታ ዘርግቶ በጣት ማሳየት ይቻላል፤ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም፣ አስቶን የምትባል ሰፈር። ፕሪሚየር ሊግ የሚከታተል ሁሉ ስሟን ያውቃታል፤ አስቶን ቪላ የዚያች ሰፈር ክለብ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቶኒ አዮሚ፣ ኦዚ ኦስቦርን፣ ጊዘር በትለርና ቢል ዋርድ አራቱም በ1948 እና በ1949 መካከል ተወልደው እዚያችው ሰፈር ያደጉ ናቸው። በርሚንግሃም ለጦርነቱ መሣሪያ ታመርት ስለነበር የጀርመን አውሮፕላኖች ደጋግመው ደብድበዋታል፤ ከ2,000 በላይ ነዋሪዎቿ አልቀዋል። የእነዚህ ልጆች መጫወቻ ሜዳ በቦምብ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ነበር። የኦዚ አባት መሣሪያ ሠሪ፣ እናቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤቱ ስድስት ልጆች ነበሩበት። የበትለር ቤተሰብ ከአየርላንድ የመጣ ካቶሊክ ነው። የአዮሚ ዘሮች ደግሞ ከጣሊያን ናቸው፤ ወላጆቹ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበራቸው።

ኦዚ በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋረጠ። ቄራ ውስጥ ከብት አረደ፤ የመኪና ክላክስ በሚመረትበት ፋብሪካ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የክላክስ ድምፅ ሲያስተካክል ዋለ። (ለወደፊት ዘፋኝ ከዚህ የባሰ ልምምድ ያለ አይመስለኝም።) ከዚያ ስርቆት ሞከረ፣ ተያዘ። አባቱ «ይማርበት» ብሎ መቀጮውን አልከፍልም ስላለ ጥቂት ሳምንታት ወህኒ ቆይቶ ወጣ።

የሙዚቃውን ታሪክ የለወጠው ግን የአዮሚ ጣት ነው። በ1965 የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ላሜራ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነው። ከአንድ ባንድ ጋር ወደ አውሮፓ ሊጓዝ ስለሆነ ሥራውን ለቋል፤ ያ ቀን የመጨረሻው ነው። ምሳ ሊበላ ቤት ሲገባ ተመልሼ አልሄድም አለ። እናቱ የጀመርከውን ሥራ በአግባቡ ጨርስ ብላ መለሰችው። የመቁረጫ ማሽኑ ሠራተኛ በዚያ ቀን ስላልመጣ እሱን ተካበት፤ ማሽኑን ጨርሶ አያውቀውም። የቀኝ እጁን የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠው። አዮሚ ግራኝ ነው፤ ጊታሩን በግራ እየመታ ክሩን የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። የተቆረጡት ጣቶች ክር የሚጫኑት ናቸው።

ሐኪሞቹ ጊታር አበቃ አሉት። ቤቱ ቁጭ ብሎ በሚተክዝበት ጊዜ የፋብሪካው ኃላፊ አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ፤ የጃንጎ ራይንሃርት ሙዚቃ። አዮሚ ሰምቶ ከወደደው በኋላ ነው ሰውየው የነገረው፦ ይህ ጊታር ተጫዋች ሁለት ጣቶቹን እሳት ጎድቶበት ነው እንዲህ የሚጫወተው። አዮሚ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ እንዳያንሸራትተው ከላይ ቆዳ ለጠፈበት። የጊታር ክር ለቆሰለ ጣት ይከብዳልና የባንጆ ቀጫጭን ክር ገጠመ። ቆየት ብሎም ቅኝቱን ዝቅ አደረገ፤ የላላ ክር ለመጫን አይከብድም። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» አልበም ቅኝቱ አንድ ተኩል ድምፅ ያህል ወርዷል። ጊታሩ እንደ ናዳ መጉረምረም ጀመረ። ዛሬ የዓለም ሜታል ባንዶች ለውበት ብለው የሚያደርጉት ነገር መነሻው የሥራ ላይ አደጋ ነው። ያኔ ካሳ የጠየቀለት ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ።

አራቱ በ1968 ሲገናኙ የሚጫወቱት ብሉዝ ነበር። ያኔ በርሚንግሃም ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የወጣቱ ሃይማኖት ነው። ጂም ሲምፕሰን የሚባል ጥሩምባ ነፊ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ «ክራውን» የሚባል መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ የብሉዝ ምሽት ከፈተ፤ ልጆቹ እዚያ ተጫወቱ፣ እሱም ሥራ አስኪያጃቸው ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አዮሚ ለጥቂት ሳምንታት ጄትሮ ተል ወደሚባለው ታዋቂ ባንድ ሄዶ ተመለሰ። ይዞት የመጣው ነገር ዲሲፕሊን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልምምድ በጠዋት ሆነ። የፋብሪካ ሰዓት ጠልተው የሸሹ ልጆች የፋብሪካ ሰዓት ለራሳቸው አወጡ።

የባንዱ ስም «ኧርዝ» ነበር፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ባንድ ስለተገኘ መቀየር ግድ ሆነ። ከልምምድ ቦታቸው ፊት ለፊት ያለው ሲኒማ ቤት ቦሪስ ካርሎፍ የሚሠራበትን «ብላክ ሳባዝ» የተባለ አስፈሪ ፊልም ያሳይ ነበር። ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ ይሰለፋል፤ ታዲያ አስፈሪ ሙዚቃ ለምን አይኖርም? አስተሳሰባቸው ይኼው ነው። በዚሁ ስም የሰየሙት ዘፈን መነሻም በትለር የሚወደው የጉስታቭ ሆልስት «ማርስ» የተባለ የኦርኬስትራ ሥራ ነው፤ ስለ ጦርነት አምላክ የተደረሰ። አዮሚ ከዚያ ተነሥቶ ሦስት ድምፆች ብቻ ያሉት ዘገምተኛ የጊታር ሐረግ አወጣ። በውስጡ የጥንት የአውሮፓ ሙዚቃ ሊቃውንት «ሰይጣን በሙዚቃ ውስጥ» እያሉ የሚሸሹት የድምፅ ርቀት አለ።

የመጀመሪያው አልበም በጥቅምት 1969 ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ተቀርጾ የካቲት 13 ቀን 1970 ዓርብ ወጣ። በፈረንጆቹ ዘንድ 13 እና ዓርብ ሲገጣጠሙ ገደ ቢስ ነው፤ ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። ሃያሲዎቹ አጣጣሉት፤ ሕዝቡ ግን ገዛው፤ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 8ኛ ደረሰ። በዚያው ዓመት መስከረም የወጣው «ፓራኖይድ» 1ኛ ሆነ።

አሁን ወደ ሰይጣኑ እንምጣ። አብዛኛውን ግጥም የጻፈው የካቶሊክ ልጅ በትለር ነው። በወጣትነቱ ስለ አስማት ማንበብ ጀምሮ አንድ ሌሊት ከአልጋው ግርጌ ጥቁር ነገር ቆሞ አየሁ ብሎ ደንግጧል፤ የስያሜው ዘፈን ከዚያ ፍርሃት የወጣ ነው። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ሰይጣንን አያመልክም፤ እየተንቀጠቀጠ እግዚአብሔርን ይጣራል። አልበሙ ውስጥ የተገለበጠ መስቀል ያሳተመው አሳታሚው ነው፤ ልጆቹ ያዩት ከታተመ በኋላ ነው። ጠንቋዮች ረገሟችሁ ሲባሉማ የኦዚ አባት በሚሠራበት ፋብሪካ ከብረት መስቀል ሠርቶላቸው አራቱም አንገታቸው ላይ አሰሩት፤ እንደኛ ማተብ በሉት። «ዋር ፒግስ» የተባለው ዘፈናቸውም በመጀመሪያ ስሙ የጠንቋዮች በዓል ስም ነበር፤ አሳታሚው አልተመቸውም። የዘፈኑ ጉዳይ ግን ጦርነት ነው፤ ዘመኑ የቬትናም ነው። የድሃ ልጅ ልኮ እሱ ቤቱ የሚቀመጥን ሹም ሰይጣን ማለት ለእኔ ከብዙ ስብከት የቀረበ ትርጓሜ ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥ ይለኛል። «የፋብሪካው መዶሻ ሙዚቃውን ወለደው» የሚለው ተረክ። እርግጥ ነው፣ የጎረቤቷ ዌስት ብሮምዊች ባንድ የጁዳስ ፕሪስት ዘፋኝ ሮብ ሃልፎርድ ልጅ ሳለ በብረት ማቅለጫ ጭስ መካከል ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ግን ሼፊልድም ብረት አላት፣ ግላስጎውም መርከብ ትሠራ ነበር። በርሚንግሃምን የለያት ሌላ ይመስለኛል፦ ሥራ እንደ ልብ ስለነበር ወጣቱ ጊታር በዱቤ ይገዛል፣ አንዱን ሥራ ትቶ ሌላ ያገኛል፤ በየመንደሩም ማንም ገብቶ የሚጫወትበት መጠጥ ቤት አለ። የሌድ ዜፕሊን ሮበርት ፕላንትና ጆን ቦናም ከዚያው አካባቢ መውጣታቸው ድንገት አይደለም። ዝና ካገኙ በኋላ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ትልቁ የሎንግብሪጅ መኪና ፋብሪካ በ2005 ሥራ አቆመ።

ከተማዋ ልጆቿን ለማክበር ብዙ ዘገየች። ብሮድ ስትሪት ላይ ያለ ድልድይ በስማቸው የተሰየመው በ2019 ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2025 አራቱም ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ መድረክ ላይ ተገናኙ፤ ቦታው ቪላ ፓርክ፣ ኦዚ ካደገበት ቤት በእግር የሚደረስበት ስታዲየም። ፓርኪንሰን ስላደከመው ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ገቢው ለፓርኪንሰን ምርምርና ለሕፃናት ሕክምና ተሰጠ። ከ17 ቀን በኋላ፣ በ76 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑን የያዘው መኪና ብሮድ ስትሪት ላይ በሺዎች መካከል አልፎ በስማቸው የተሰየመው ድልድይ ላይ ቆመ፤ ቤተሰቡ ወርዶ የተከመረውን አበባ አየ። ከዚያ ብዙም የማይርቀው «ክራውን» መጠጥ ቤት ግን በ2014 ተዘግቶ ለዓመታት ባዶውን ቆይቷል።