ከመቃብር ውስጥ የሚያድረው ወሬዛ

ስለ ጥንት ቅርስ መርማሪዎች ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስበው፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. የጥንቱን የግብጽ ንጉሥ የቱታንክአሙንን መቃብር ያገኘውን ሆዋርድ ካርተርን ነው፤ ነገር ግን ይህ ሰው በ1891 ዓ.ም. የ17 ዓመት ወሬዛ ሳለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይደርስ፣ የሥዕል ችሎታውን ብቻ ይዞ ወደ ግብጽ ወርዶ፣ በቤኒ ሐሰን የመቃብር ዋሻዎች ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ቀን እየገለበጠ፣ ሌሊት የሌሊት ወፎች በሚበሩበት መቃብር ውስጥ ያድር እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በ1892 ዓ.ም. ወደ አማርና የቍፋሮ ስፍራ ተልኮ ከቅርስ መርማሪው ከፍሊንደርስ ፔትሪ ጋራ በተቀመጠ ጊዜ፣ ከቍፋሮው አስቀድሞ የሚያድርበትን ክፍል በጭቃ ጡብ ራሱ መሥራት ነበረበት፤ ፔትሪ ለገዛ ሥጋው እንኳ ምቾትን የማይፈቅድ፣ እንደ መናኝ የሚኖር ሊቅ ነበረና፣ ከደቀ መዛሙርቱም ያንኑ ተጋድሎ ይጠብቅ ነበር። የፔትሪን ትዕግሥት አደንቃለሁ፤ ሆኖም መምህሩ ወዶ የመረጠው ምናኔ፣ ሀብት በሌለው ወጣት ላይ ግዴታ ሲሆን፣ ፍትሕ ነው ለማለት አልደፍርም።

ለግብጻውያን ቈፋሪዎች ግን ፔትሪ መልካም ሥርዓት አቁሞ ነበር፤ ያገኙትን ዕቃ ደብቀው ለነጋዴ እንዳይሸጡ፣ ከደመወዛቸው በላይ ለግኝታቸው ጉርሻ ይከፍላቸው ነበር።

ካርተር ራሱ ኋላ በ1900 ዓ.ም. የላይኛው ግብጽ የቅርስ ዋና ተቈጣጣሪ ሆኖ የመንግሥት ደመወዝ ቢያገኝም፣ በ1905 ዓ.ም. በሳቃራ ከፈረንሳውያን ጐብኚዎች ጋራ ጠብ በተነሣ ጊዜ፣ ግብጻውያን ዘበኞቹን ደግፎ ይቅርታ አልጠይቅም በማለቱ ሥራውን ለቀቀ፤ የቍፋሮውን ወጪ ከሸፈነለት ከሎርድ ካርናርቮን ጋራ ሥራ እስኪጀምርም ድረስ ለመንገደኞች ሥዕል እየሸጠ ኖረ።