ጾም የማያውቀው ስብ

ሸዋ ውስጥ ስብ ማንበብ የቆየ ሙያ ነው። በግ ታርዶ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ሞራውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ከፍ የሚያደርግ፣ በስቡ መካከል የተጠላለፉትን የደም ሥሮች እየተከተለ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘመቻውና ስለ ቤቱ ጌታ ዕድል የሚናገር ሞራ ገላጭ ነበር። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ክንዱን ለመርፌ የዘረጋ ሰው የሚያስነብበው የራሱን ስብ ነው። ከላቦራቶሪ በሚመለሰው ወረቀት ላይ «ትራይግሊሰራይድ» ከሚል ቃል ጎን ቁጥር ሰፍሮ ይመጣል፤ ከ150 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ደህና፣ 200 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። ከፍ ያለ እንደሆነ የዘመድ ፍርድ ወዲያው ነው፦ ጮማውን ተው፣ ቅቤውን ቀንስ፣ ጾሙን አጥብቅ። ይህ ፍርድ ግማሽ እውነት ነው፤ የቀረውን ግማሽ የሚያሳየን የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ማዕድ ታሪክ ነው። የዚያን አገር ሰው ደም የጠበቀው፣ ጾሙ ከከለከለው ምግብ ይልቅ የጾሙ ሰዓት፣ የገብሱ እህልና የዳገቱ መንገድ ይመስለኛል። ዛሬ ደምን በስብ ከሚሞሉት ነገሮች ብዙዎቹ ደግሞ ጾም ስማቸውን ጠርቶ የማያውቃቸው ናቸው።

ከቤተ መንግሥቱ ግብር እንነሣ፤ ጮማን የሚከስ ሁሉ የሚጠቅሰው እሱን ነውና። ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን (ከ1813 እስከ 1847፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንኮበር የንጉሡ መቀመጫ ነበረች። በ1839 የገባው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍም ሆነ በ1841 የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የመጣው ሻለቃ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለ ሸዋ ቤተ መንግሥት ኑሮ በሰፊው ጽፈዋል። በግብር ላይ ብርንዶው ትኩስ እንደሆነ ይቀርባል፤ በላተኛው ጫፉን በጥርሱ ይዞ በቢላዋ ከከንፈሩ ሥር ይቆርጣል፤ ብልቱ በማዕረግ ይደለደላል፤ ጠጁ ይከተላል። ይህ ማዕድ የሚያመጣውን ሕመም ሰዎቹ አሳምረው ያውቁት ነበር። ኮሶ ነው። መድኃኒቱም በዚያው ስም የሚጠራ የደጋ ዛፍ ነው፤ አበባው ይደርቃል፣ ይደቅቃል፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ጥሬ ሥጋ የሚያዘወትር ሰው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይህን ምሬት ሳይቀምስ አይኖርም። ያኔ የሥጋ ዕዳ የሚከፈለው በአንጀት ነበር፤ ደምን የጠረጠረ አልነበረም። ደግሞም ግብሩ የየዕለት ኑሮ አይደለም። ለአንኮበር ገበሬ ሥጋ የፋሲካ፣ የገና፣ የሠርግና የተዝካር ነገር ነው፤ የሰባ በሬ ሻኛማ ከነጭራሹ ለእሱ አይደርሰውም።

በግብርና በግብር መካከል ያለውን ዓመት የሚገዛው ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህኑ እስከ 250 ቀን ይጾማል፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል መከልከላቸውን ሁሉም ያውቃል። እየተረሳ የመጣው ሰዓቱ ነው፤ አጥባቂው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም፤ በእነዚያ ሰዓቶች አካሉ ያጠራቀመውን ስብ እያወጣ ያነዳል። ጾሙ ሲፈታስ ምን ይቀርባል? ደብረ ብርሃን አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከቆረቆሯት ጀምሮ ውርጭ የማያጣት ከተማ ናት፤ የዙሪያዋ እህል ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና ተልባ ነው። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ቆሎ፣ በሶ፤ ሁሉም ከነአሠሩ ስለሚበላ ስታርቹ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ጣፋጩ ማር ነበር፤ ማሩም በአመዛኙ ወደ መኳንንት ጠጅ ይሄዳል። ቡና እንኳ ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ነጋዴው ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ቢያሳልፈውም፣ የሸዋ ክርስቲያን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ አይነካውም፤ የለመደው ቆይቶ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚበጠበጥበት ስኒ በዚያ ቤት ውስጥ የለም። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወስደው ዳገት ግን ነበር፤ ጨውና እህል የተሸከመ ሰው በእግሩ የሚወጣው ዳገት።

አሁን ወደ ደሙ እንመለስ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሦስት የስብ አሲዶች ግሊሰሮል ከሚባል አንድ ነገር ጋር የተቆራኙበት ስብ ነው። የመንዝ በግ ላት፣ የኑግ ዘይት፣ ቅቤና በወገባችን ዙሪያ የተጠራቀመው ሁሉ በአብዛኛው ይኸው ነው። ብዙ ሰው የሚስተው፣ ጉበታችን ስብ ሳንበላም ስብ መሥራት መቻሉን ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ የገባለትን ስኳርና ስታርች ለውጦ ወደ ደም ይለቀዋል። ኒው ዮርክ በሚገኘው በሮክፌለር ተቋም ኤድዋርድ አሬንስና ባልደረቦቹ በ1961 ያወጡት ጥናት፣ የብዙ ሕሙማን ደም የሚወፍረው ስብ ሲበሉ ሳይሆን ስኳርና ስታርች ሲበዛባቸው መሆኑን አሳይቷል። አልኮል ደግሞ ጉበትን ሥራ ያስፈታል፤ እሱን ለማቃጠል ሲጣደፍ ስቡን ሳያነድ እያሸገ ይልከዋል። በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሆኖ የተገኘው ከመቶ 5 ገደማ ሰው ሲሆን፣ ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ያለው ግን ከመቶ 21 ገደማ ነበር። ጥፋቱ የቅቤና የጮማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል ባልተራራቁም ነበር።

ታዲያ ምን ተለወጠ? የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ፤ ኮካ ኮላ በ1959 ገባ፤ ስኳር ከግምጃ ቤት ወጥቶ የድሃ ሻይ ውስጥ ገባ። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ያለው ስኳር ሰባት፣ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህላል፤ የጾም ነው ተብሎም ያለ ሐሳብ ይጠጣል። ፉርኖ ዱቄት የገብሱን ቂጣ ተካው። ከሁሉ በላይ ግን የደብረ ብርሃን ስም የሚነሣበት አረቄ አለ። ብቅሉና ጌሾው ተደፍድፎ ሲቆይ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረው ዕቃ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ጠላ ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ አልኮል ሲኖረው ዳግም አረቄ ወደ 45 ይደርሳል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሐበሻ ቢራ እዚያው ከተማ ውስጥ ይጠመቃል። ልብ በሉ፤ ያው ገብስ ነው። ቆሎና በሶ ሆኖ ደምን ያልጎዳው እህል በመለኪያና በጠርሙስ ሲመጣ ጉበቱን የስብ ፋብሪካ ያደርገዋል። ብርድ ያባርራል የሚባለው መለኪያ ደግሞ ከጥብስ ጋር ሲሆን የባሰ ነው፤ ስብና አልኮል አብረው ሲገቡ የደሙ ስብ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚያደርጉት በላይ ይወጣል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው የሚለው አያጣም። የሣህለ ሥላሴን ዘመን ደም የለካ ማን አለና ነው? ይላል። እውነት ነው፤ ማንም አልለካም፤ ከማዕድ ተነሥቶ ስለ ደም መናገር ግምት ነው። ግምቱ የቆመው ግን ዛሬ በሚለካው ላይ ነው፤ ያው ጉበት፣ ያው ስኳር፣ ያው ዳገት። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ያኔ ሰው በፈንጣጣና በረኃብ ይሞት ነበርና የደም ስብ የሚያስከትለው የልብ ሕመም እስኪመጣበት አልቆየም የሚል ነው። ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀውን ክፉ ቀን የሚያውቅ ይህን አይክድም፤ እኔም የጥንቱ ሰው ጤናማ ነበር አልልም፤ የምለው ደሙን በስብ የሚሞላ ምክንያት ጥቂት ነበረው ነው። ሦስተኛው፣ መኳንንቱስ? የሚል ነው። ይህኛው ለእኔ ይመሰክራል። ጠጁ በእጃቸው፣ ጮማው በፊታቸው፣ እግራቸው በበቅሎ ላይ ነበር፤ ከገበሬው ጥበቃ የነበራቸው ጾሙ ብቻ ነው። የዛሬ የከተማ ደመወዝተኛ የወረሰው የማንን ኑሮ ነው ቢባል የእነሱን ነው፤ በቅሎዋ ባጃጅ ሆናለች፣ ብርሌው ጠርሙስ ሆኗል፤ ጾሙንም ቢሆን ሰዓቱን ትቶ ዝርዝሩን ይዟል።

ጮማ ንጹሕ ነው ማለቴ እንዳይመስል። ቅቤና ጮማ ሌላውን የደም ስብ፣ ክፉ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ያሳድጋሉ። ትራይግሊሰራይዱ 500 ያለፈ፣ ይልቁንም 1000 የደረሰ ሰው ደግሞ ቆሽቱ በድንገት ሊቆጣና ሕይወቱን ሊያሳጣው ስለሚችል የኑግ ዘይቱን ሳይቀር መቀነስ አለበት፤ የሐኪም መድኃኒትም ያስፈልገዋል። በዘር የሚወርሱትም አሉ። ያልተያዘ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ መድከም፣ የኩላሊት ሕመም፣ እርግዝናና አንዳንድ መድኃኒቶችም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ፤ እነዚህን ማዕድ ብቻ አያድናቸውም። ለብዙው ሰው ግን አረቄውንና ቢራውን መተው፣ ስኳሩን መቀነስ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድና ከክብደት ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ መጣል ቁጥሩን በጉልህ ያወርደዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለምርመራ ሲሄዱ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ይሂዱ። ሐኪሙ ስለ አመጋገብዎ ሲጠይቅዎም «ጾመኛ ነኝ» ብለው ብቻ አይለፉት፤ በሻይዎ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጨምሩ፣ በሳምንት ስንት መለኪያ እንደሚጠጡና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ይንገሩት።