ከሸንኮራ እስከ ሚኒሶታ፦ የጌታቸው ኃይሌ ስደትና መጻሕፍት

ከእነዋሪ እስከ ሸንኮራ ያለው የሰሜን ሸዋ ምድር የጤፍና የስንዴ ብቻ ሳይሆን የብራናም አገር ነው። ጅሩ በቁም ጽሕፈት ስሙ የተጠራ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1923 ዓ.ም. የተወለዱትም በዚሁ አውራጃ፣ በሸንኮራ ነበር።

ትምህርት ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ፣ ከካይሮም ወደ ጀርመን አገር ወሰዳቸው። በ1954 ዓ.ም. ከቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በሴማውያን ቋንቋዎች ጥናት የዶክትሬት ማዕርግ ተቀብለው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። ዘውዱ ከወደቀ በኋላ ሸዋን ወክለው በመማክርት ሸንጎ ተቀመጡ፤ ደርግን ግን በግልጽ ከመንቀፍ አልተቆጠቡም። በመስከረም 1968 ዓ.ም. ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ ቤታቸው በመጡ ጊዜ ተኩስ ተከፈተ፤ ያገኛቸውም ጥይት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀራቸው። በእንግሊዝ አገር ታክመው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ።

በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና ቤተ መጻሕፍት የጠበቃቸው ሥራ እንግዳ አልነበረም። ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተራ በተራ ይደርሱ ነበር። የሚያስገርመው፣ ሰውየው በተሰደዱበት በዚያው ዘመን የፊልሙ ሥራ በአገር ቤት አለመቋረጡ ነው። መራመድ የተሳናቸው ሊቅ የደብሩን ዕቃ ቤት ሁሉ ከወንበራቸው ሳይነሡ ዞሩት ማለት ይቻላል። ከዊልያም ማኮምበር ጋርም ብቻቸውንም ያዘጋጁት ካታሎግ በ1993 እ.ኤ.አ. ዐሥረኛው ቅጽ ሲወጣ እስከ 5000ኛው መጽሐፍ ደርሶ ነበር። የማክአርተር ሽልማትም በ1988 እ.ኤ.አ. ተሰጣቸው።

ካታሎግ ለብዙ አንባቢ ደረቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከእነዚያ ፊልሞች መካከል በ15ኛው ምእት ዓመት የተነሡት የደቂቀ እስጢፋኖስ ገድሎች ይገኙ ነበር። እነዚህ መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተገርፈዋል፣ ተሰደዋል፣ ተገድለዋል። ጌታቸው ታሪካቸውን «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው ለአማርኛ አንባቢ አቀረቡ፤ የአባ እስጢፋኖስንም የግእዝ ገድል ከትርጉሙ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በመንግሥት ጥይት የቆሰለ ሰው ለተገፉት ወገን ቢያደላ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን የአሳዳጁን የዘርዐ ያዕቆብንም ድርሰቶች፣ ጦማረ ትስብእትን ጨምሮ፣ በዚያው ጥንቃቄ አርመውና ተርጉመው አውጥተዋል። አንባቢ ዛሬ ከሳሽንም ተከሳሽንም በየራሳቸው አንደበት መስማት የቻለው በዚህ ሥራ ነው።

የራሳቸውን ታሪክ «አንዳፍታ ላውጋችሁ» በሚል ርእስ ጽፈዋል። ያረፉት በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። የፊልሞቹ ቅጂ በአዲስ አበባም ተቀምጧል።