የኦርጋን እንዚራ

ቢቸናን አልፌ ዲማ የገባሁት ስለ ቅኔ ቤቱ ለመጻፍ እንጂ ስለ ኦርጋን ላወራ አልነበረም። ያደርኩበት ቤት ልጅ ግን ለሠርግ ኪቦርድ የሚጫወት ጎረምሳ ኖሯል። ማታ ላፕቶፑ ላይ ከተጫነ ፕሮግራም የድሮ ኦርጋን ድምፅ አውጥቶ ትዝታን ሲጫወት ሰማሁትና አንድ ነገር ጎደለኝ።

«ጣትህ ቁልፉን ሲነካ ጠቅ የሚል ድምፅ አልነበረውም?»

«ነበረው ጋሼ፤ ብልሽት መስሎኝ ዘጋሁት።»

ብልሽት ማለቱስ አልተሳሳተም። አሜሪካዊው ሎረንስ ሐሞንድ የሰዓት ባለሙያ ነበር፤ በ1934 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) የፈጠራ መብት ያገኘበት ኦርጋን አንጀቱም ሰዓት ይመስላል። በሞተር የሚሽከረከሩ 91 ጥርሳም የብረት መንኮራኩሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ፊት ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ተቀምጧል። ጥርሱ ባለፈ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ይርገበገባል፤ ርግብግቢቱ በድምፅ ማጉያ ዜማ ይሆናል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ 9 መነካኪያዎች ይገጥማሉ። ጠቅታው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሐሞንድ እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊያጠፋው ሞከረ፤ እነ ጂሚ ስሚዝ ግን እንደ ከበሮ ምት ወደዱት። ዶን ሌስሊ የሠራውን ተሽከርካሪ ድምፅ ማጉያም ሐሞንድ አልወደደውም። ዛሬ ሁለቱን ለይቶ የሚያስብ ተጫዋች ማግኘት ይቸግራል።

ቢ-3 የተባለው ሞዴል ከነመቀመጫውና ከነመርገጫው 2 ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዲማ ድረስ ማን ይሸከመዋል? ባለመንኮራኩሩ ምርት በ1975 ሲቆም፣ ወራሹ ኮምፒዩተር ሆነ። በ2000 ገደማ የበርሊኑ ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ቢ-4 የተሰኘውን ፕሮግራም አወጣ። የፕሮግራም ሠሪዎች ድካም ታዲያ ድምፁን ማጥራት አልነበረም፤ ጠቅታውን፣ ከአንዱ መንኮራኩር ወደ ሌላው የሚያፈተልከውን ድምፅ፣ የሌስሊን ዙረት አንድ በአንድ መልሶ ማበላሸት ነበር እንጂ።

እኛ ዘንድ ኦርጋን ሲባል ጆሮዬ የሚሄደው ወደ ኃይሉ መርጊያ ነው። የእሱ ፋርፊሳ በትራንዚስተር የሚሠራ ስለሆነ መንኮራኩር የለውም፤ ግን በአፍንጫው የሚያዜም ይመስላል። በ1977 ዋልያስ ባንድ ባወጣው «ቸ በለው» ኦርጋኑ የድምፃዊውን ቦታ ይዞ ይዘፍናል። ኃይሉ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። የ1985 ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ወደ መድረክ ተመለሰ። ያን ድምፅ የወደደ ወጣት ዛሬ በላፕቶፕ ይፈልገዋል። ፕሮግራሙ የሚያቆየው ግን ሰው ተቀምጦ የለካውን ጉድለት ብቻ ነው፤ የኃይሉን ጣት አይጨምርም።

የልጁ አባት ጥግ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። በገና ደርዳሪ ናቸው። ጠቅታውን ዘግቶ፣ ከዚያ ከፍቶ አሰማቸው።

«የመጀመሪያው እንዚራ የለውም» አሉ።

እንዚራ በበገና ጅማትና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት፤ እሷ ከወጣች በገናው አያጉረመርምም። ልጁ አባቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ጠቅታውን እንደተከፈተ ትቶ ትዝታውን ከመጀመሪያው ጀመረው።