ዞር ብሎ ያየው ልጅ

ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ፣ ወንበር ያጣ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ዛሬ ደህና ነው፤ ይህን የጅቡቲ ሰፈር፣ ሄሮንን፣ የምወዳት ማታ ማታ ትንሽ ስለምታስተነፍስ ነው። ቅድም ልጆቹ ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ አይታችኋል። ሰው ሁሉ የሚያጨበጭበው ኳሷን መረብ ውስጥ ለከተተው ነው፤ የእኔ ዓይን ግን የሚሄደው ወደዚያ ቀጭን ልጅ ነው፤ ራሱ መወርወር እየቻለ የተሻለ ቦታ ለያዘው ጓደኛው ያቀብላል፣ ኳስ ሲነጠቁም ከሁሉ ቀድሞ ለመከላከል የሚመለሰው እሱ ነው። እሱን ባየሁ ቁጥር ስለሺ ስህን ትዝ ይለኛል፤ የዛሬው ትረካዬም የስለሺ ነው፤ በኦሊምፒክም በዓለም ሻምፒዮና ትራክም ወርቅ ሳያጠልቅ እኛ ደጋፊዎቹ ከልባችን የወደድነው ሯጭ።

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄዱ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ጋቢ እያስደረበ ይመጣና ሸኖን ታገኛላችሁ፣ ቅቤዋ አገር ያወቀላት ሸኖ። ስለሺ የዚያች ደጋ ልጅ ነው። እናም ሮጦ ሮጦ፣ ከዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሠልጣኞች መሀል ገብቶ፣ በ20 ዓመቱ ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10 ሺሕ ሜትር ተሰለፈ። ከአጠገቡ ኃይሌ ገብረሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ዝግ ብለው ሄዱ፤ ከዚያ ታላቁ ኃይሌ ወደ ፊት ወጣና ፍጥነቱን ይጨምር ጀመር፣ ታናናሾቹም ተከተሉት፣ ሌላው ሁሉ አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ቀረ። ሁለተኛው 5 ሺሕ ሜትር ከ13 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተሮጦ አለቀ። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ሦስተኛ። አረንጓዴው ጎርፍ የምንለው ይኸው ነው። ታላቁ ታናናሾቹን ይዟቸው እንደወጣ ግን ልብ በሉልኝ፤ ለሚቀጥለው ነገር ያስፈልገናልና።

ዓመት ሞላና አቴንስ ደረሰች። ነሐሴ በአገራችን ዝናብና ጭቃ ነው፤ እዚህ ጅቡቲ ግን ነሐሴ እሳት ነው፣ ሌሊቱ እንኳ አይበርድም፣ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ዓርብ ምሽት፣ ቴሌቪዥኑን በመስኮት ገመድ ስበን ግቢ አወጣነው። ከወደብ ጭነት የሚጠብቁ ሾፌሮች መጡ፣ በድንበሯ በገላፊ በኩል ያንን ሁሉ በረሃ አቋርጠው የወረዱ፣ የአፋር አቧራ ገና ከቅንድባቸው ያልወረደ። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር ወንበር ቢሰጡት አልቀመጥ አለ፣ ቆሞ ነው የሚያየው፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ።

ኃይሌ 31 ዓመቱ ነበር። በአትላንታና በሲድኒ ወርቅ ያጠለቀ፣ ሲድኒ ላይ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን የተረከዙ ጅማት አሞት ነው የመጣው፣ እኛም ሰምተናል። እናም 25ቱ ዙር ተጀመረ፣ ሦስቱ የእኛ ልጆች ፊት ፊቱን ያዙ፣ ዙሩም እያለቀ ሄደና ፍጥነቱ ጨመረ፣ ከዚያም ኃይሌ ቀስ በቀስ ከሁለቱ ኋላ መቅረት ጀመረ። ግቢው ዝም አለ። ከዚያም ቀነኒሳ ዞር ብሎ አየ። ስለሺም ዞር ብሎ አየ። እናም ሁለቱም ሩጫቸውን ቀነስ አደረጉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በ10 ሺሕ ሜትር ፍጻሜ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ያልሮጠ ሰው ላይገባው ይችላል። ከኋላቸው የኡጋንዳው ቦኒፋስ ኪፕሮፕና የኤርትራው ዘርሰናይ ታደሰ አሉ፤ ፍጥነት ሲቀንስ የደከመው ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ሊቆረጥ የነበረው ይደርሳል፣ ያልታሰበ ሰው በመጨረሻው ዙር ተስፈንጥሮ ሊያልፍ ይችላል። ቀነኒሳ ባለፈው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ በአጨራረሱም ይተማመናል እንበል። ስለሺ ግን ገና 21 ዓመቱ ነው፣ የኦሊምፒክ ሜዳልያ በእጁ ነክቶ አያውቅም፣ ያቺ ምሽት የዕድሜ ልኩ ልትሆን ትችል ነበር። ያ ልጅ ነው አንገቱን አዙሮ የታላቁን እግር የተመለከተው። ብቻዬን ልሂድ ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ የመጣው ለመሮጥ ነውና።

ኃይሌም ደረሰባቸው። የእኛ ግቢ በጩኸት ተናወጠ፣ ሽማግሌው ሾፌር እጁን ከአናቱ አውርዶ «አይዞህ ኃይሌ፣ አይዞህ!» እያለ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይነጋገራል፣ ጎረቤት ያሉ ጅቡቲያውያንም ምን ተፈጠረ ብለው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ግን እግር እሺ አላለም፤ ኃይሌ እንደገና ቀረ፣ ያን ጊዜ ሁለቱ ሄዱ፣ መሄድም ነበረባቸው። ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገባ፣ ስለሺ ከ4 ሰከንድ ጥቂት ዘግየት ብሎ ተከተለው፣ ዘርሰናይ ሦስተኛ ወጥቶ ለኤርትራ የመጀመሪያዋን የኦሊምፒክ ሜዳልያ አስገኘ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ፓሪስ ላይ ታላቁ ወደ ፊት ይዟቸው ወጣ፤ አቴንስ ላይ ታናናሾቹ ሩጫቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ያን ሌሊት ግቢያችን ውስጥ ከወርቁ ይልቅ የተወራው ስለዚያች መዞር ነው።

ይህ ወግ በቡድናችን ዘንድ ድሮም ነበረ። ሞስኮ ላይ በ1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር ወርቁን ሲወስድ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ነበሩ፤ አብረው ደክመው ነው ለዚያ የበቁት። ስለ ሁለተኛነት ደግሞ ከእኛ ይበልጥ ሊያወሩ የሚችሉት እነዚህ ያስጠጉን ጎረቤቶቻችን ናቸው። የጅቡቲው አሕመድ ሳላሕ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ከእኛው በላይነህ ዴንሳሞ ጋር ማራቶን ሮጠ። በላይነህ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ክብረ ወሰኑም 10 ዓመት ቆየ። አሕመድ በ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ገባ። ይህ የአሕመድ ሰዓት የቀድሞውን ክብረ ወሰን በ5 ሰከንድ ያሻሽል ነበር፤ ሰውየው የዓለምን ፈጣን ማራቶን አልፎ ሁለተኛ ወጣ። ከወራት በኋላ ሴኡል ላይ ያመጣት ነሐስ ጅቡቲ እስከ ዛሬ ያላት ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ናት። አጠገቡ እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር በላይነህ ያን ያህል ይገፋ ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም፤ ቀነኒሳንም ሳስብ ይህንኑ እላለሁ።

ከአቴንስ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። በ1997 ሄልሲንኪ ላይ ቀነኒሳ እጮኛውን ዓለም ተቻለን በሞት ባጣ በወራት ውስጥ ሮጦ አሸነፈ፤ ስለሺ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም ባልበለጠ ልዩነት ሁለተኛ ሆነ፣ በ5 ሺሕም ተመልሶ ገባና የኬንያው ቤንጃሚን ሊሞ በሩብ ሰከንድ ቀደመው። በ1999 ኦሳካ ላይ፣ በዚያ በሚያቃጥል ምሽት፣ ቀነኒሳ ወደ ኋላ ቀርቶ ያበቃለት ሲመስለን ስለሺ ፊት ሄደ፣ ዘንድሮስ የእሱ ነው ብለን ተነሳን፣ ከዚያም ቀነኒሳ ተመልሶ መጥቶ አለፈው። በ2000 ነሐሴ ቤጂንግ ላይ ቀነኒሳ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ስለሺ እንደገና ሁለተኛ ነበር፣ ኃይሌም በ35 ዓመቱ አብሯቸው ተሰልፎ ስድስተኛ ወጣ።

አንዳንድ ሰው ስለሺን «ዕድል የሌለው» ይለዋል። እኔ ይህን ቃል አልወደውም። ሄንግሎ ላይ በ1996 ያስመዘገበው 26 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ፣ አሁን ከጠራኋቸው የ10 ሺሕ ፍጻሜዎች ሁሉ የፈጠነ ሰዓት ነው። ደግሞም ብሩን ማንም አልሰጠውም፤ በመጨረሻው ዙር ጓደኛውን ለመቅደም ያለውን ሁሉ እያወጣ ነው የሮጠው፣ ያሸነፈውም በዘመኑ በዓለም ላይ አቻ ያልተገኘለት ሰው ነው። ዙሩ እስኪያልቅ አብሮ ሠርቶ፣ መጨረሻው ላይ በቅንነት ተፎካክሮ፣ ተሸንፎም ከጓደኛው ጋር ባንዲራ ለብሶ ሜዳውን የሚዞር ሰው ስንት አያችሁ? ለዚህ ነው ስሙ ሲጠራ የሾፌሮቹ ፊት የሚፈካው። ለዚህ ነው ያ ሽማግሌ ሾፌር በኋላ በመጣ ቁጥር አስቀድሞ ስለ ስለሺ የሚጠይቀኝ፤ «ልጄ እንዴት ነው? ልምምድ ላይ ነው?» ይለኛል፣ እኔ አብሬው የማድር ይመስል።

ከቤጂንግ በኋላ ሁለት ወር አለፍ ብሎ፣ ከዚያ የክረምቱ ዝናብ ቆሞ አደይ አበባው ፈክቶ አልፎ፣ በ2001 ጥቅምት ስለሺ ጥሩነሽ ዲባባን አገባ። እሷ ከቤጂንግ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሁለት ወርቅ ይዛ የተመለሰች ናት፤ እሱ ብሩን። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ሲወርድ የሠርጉን ፎቶ ያወጣ ጋዜጣ በመሪው ፊት ዘርግቶ ነው የመጣው፣ እናም ቡና ተፈልቶ፣ ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ የሁለቱንም ስም አንድ ላይ ጠሩ።