ስክሪን ሲጨልም፡ ከ“ፎርማት” በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም፡፡ የተማርኩት ሕግ ነው፤ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘኝም መጻፍና ማስጻፍ ብቻ ነው፡፡ ነገር ግን ስክሪን በጨለመ ቁጥር “ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ” ሲባል እየሰሙ ዝም ማለት ከባድ ነው፡፡ ምክንያቴን ለማስረዳት ውርጌሳ ላይ ከገጠመኝ ልጀምር፡፡

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት፡፡ እዚያ የሚኖር አንድ ዘመዴ በብድር ገንዘብ ክርክር በወረዳው ፍርድ ቤት ተረትቶ ነበር፡፡ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 323 እንደሚያዘው የይግባኝ ማመልከቻ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀናት ውስጥ መግባት አለበት፡፡ ዘመዴ እኔን የጠራኝ በ57ኛው ቀን ነው፡፡ (የአገራችን ተከራካሪ ቀነ ገደብ ትዝ የሚለው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጠበቆች ይህን ያውቁታል፡፡) ማመልከቻውን አርቅቄ በአንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አምስት ገጽ አስጻፍን፡፡ ልናትም ስንል መብራት ጠፋ፡፡

በማግስቱ ስንመለስ መብራቱ መጥቷል፣ የሱቁ ሞኒተር ግን ሲሄድና ሲመጣ ባደረው ኃይል ተቃጥሏል፡፡ ጸሐፊዋ ከጎረቤት አሮጌ 17 ኢንች ሞኒተር ተውሳ ሰካች፡፡ የአምራቹ አርማ ታየ፣ የዊንዶውስ አርማም ታየ፤ ከዚያ ጨለማ ሆነና “ኢንፑት ኖት ሰፖርትድ” የሚል ትንሽ ሣጥን ብቻ ቀረ፡፡ ጠጋኝ ተጠራ፡፡ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ “ጋሼ፣ ሲስተሙ ሄዷል፤ ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም” አለኝ፡፡

ፎርማት ማለት በዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን መደምሰስ ነው፡፡ የዘመዴ ይግባኝ ብቻ አይደለም፤ የልጅቷ የዓመታት ሥራ፣ የሰው ውል፣ የሰው ኑዛዜ፣ የሰው አቤቱታ አብሮ ይሄዳል፡፡ ማስረጃ ሳይሰማ የሞት ፍርድ እንደ መስጠት ነው፡፡ ጠጋኙን አመስግኜ መለስኩትና ራሳችን መመርመር ጀመርን፡፡

የመጀመሪያው ጥያቄ፡ ጥፋቱ የማን ነው?

ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ ሞኒተሩ፣ ኬብሉና ኮምፒዩተሩ (በተለምዶ “ሲፒዩ” የምንለው ሣጥን)፡፡ ሞኒተሩን ለመመርመር የምስሉን ኬብል ከሞኒተሩ ነቅሎ መብራቱን ብቻ እንደሰኩ ማብራት ይበቃል፡፡ “ኖ ሲግናል” ወይም “ቼክ ኬብል” ብሎ የራሱን መልዕክት ካሳየ ሞኒተሩ በሕይወት አለ፡፡ ምንም ካላሳየና ትንሿ መብራቱ ግን የምትበራ ከሆነ ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪ በስክሪኑ ላይ በሰያፍ ማብራት ነው፡፡ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ወይም ምስል ከታየ ምስሉ አለ፣ የጠፋው ከጀርባው የሚያበራው መብራት ነው፡፡ ይህ የሞኒተር ጠጋኝ ሥራ እንጂ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም፡፡ ሞኒተሩን በራስዎ አይክፈቱ፤ በተለይ አሮጌውን ባለ ትልቅ ቂጥ ሞኒተር፡፡ ከመብራት ተነቅሎም ውስጡ ከፍተኛ ኃይል ሊይዝ ስለሚችል ይገድላል፡፡

ኬብሉ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በእኔ ልምድ ብዙው ነገር የሚገኘው እዚህ ነውና፡፡ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች አሁንም በብዛት የሚታየው ሰማያዊ ጫፍ ያለው የቪጂኤ ኬብል ነው፡፡ ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 አይቢኤም ያወጣው አሠራር ሲሆን 15 ቀዳዳና 15 መርፌ አለው፡፡ አንደኛው መርፌ ቀይን፣ ሁለተኛው አረንጓዴን፣ ሦስተኛው ሰማያዊን ያመላልሳል፡፡ ስለዚህ ስክሪኑ በድንገት ወደ ሐምራዊ ካደላ አረንጓዴው አልደረሰም፤ ወደ ቢጫ ካደላ ሰማያዊው፣ ወደ ውኃ ሰማያዊ ካደላ ደግሞ ቀዩ ቀርቷል ማለት ነው፡፡ በግዳጅ ሲሰካ መርፌው ይጎብጣል፤ በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብሎ ማቅናት ይቻላል፡፡ አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፡፡ በብዙ ኬብሎች ላይ ዘጠነኛው መርፌ ከመጀመሪያውም የለም፡፡ “አንድ ጥርስ ጎድሎታል” ብለው ደህና ኬብል የሚጥሉ ሰዎች አይቻለሁ፡፡

ከሁሉም የሚገርመው የ12ኛውና የ15ኛው መርፌ ነገር ነው፡፡ በእነዚህ ሁለቱ ሞኒተሩ ለኮምፒዩተሩ ማንነቱን፣ ምን ያህል ስፋት ያለው ምስል እንደሚችል ይነግረዋል፡፡ እነዚህ ከተሰበሩ ምስሉ ጥሩ ሆኖ ይመጣል፣ ኮምፒዩተሩ ግን ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም፤ “ጄነሪክ ኖን ፒኤንፒ ሞኒተር” ብሎ ይመዘግበዋል፡፡ የውርጌሳው ሱቅ ችግር ይኸው ነበር፡፡ የተቃጠለው ሞኒተር ሰፊ፣ 1920 በ1080 የሚችል ነበር፡፡ የተዋስነው አሮጌው ከ1280 በ1024 አያልፍም፡፡ ኬብሉ አዲሱን እንግዳ ስላላስተዋወቀው ኮምፒዩተሩ በለመደው ስፋት ምስል መላኩን ቀጠለ፤ ሞኒተሩም “ይህን አልችልም” አለ፡፡ አርማዎቹ የታዩት ዊንዶውስ እስኪነሳ ድረስ ዝቅተኛ ስፋት ስለሚጠቀም ነው፡፡

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አልፈጀም፡፡ ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 7 ስለነበር ሲነሳ ኤፍ 8ን ደጋግመን ተጫንን፡፡ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ በ640 በ480 እንዲነሳ የሚያዘውን መረጥን፡፡ ገጹ ግዙፍ ፊደል ይዞ ተከፈተ፡፡ ከዚያ በዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ክሊክ ስክሪን ሪዞሉሽን ውስጥ ገብተን 1280 በ1024፣ የማደሻ ፍጥነቱን ደግሞ 60 ኸርዝ አድርገን አስነሳነው፡፡ ማመልከቻው ባለበት ነበር፡፡ አትመን፣ ዘመዴ ፈርሞ፣ በ59ኛው ቀን ጠዋት ወልዲያ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ገባ፡፡

በዊንዶውስ 10ና 11 ኤፍ 8 እንዲህ በቀላሉ አይሠራም፡፡ የመግቢያው ገጽ የሚታይ ከሆነ ሺፍትን ይዞ ሪስታርትን መጫን ነው፡፡ ካልታየ ደግሞ ኮምፒዩተሩ በመነሳት ላይ ሳለ በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቋረጠ በራሱ የጥገና ገጽ ይከፍታል፤ ከዚያ ወደ ሴፍ ሞድ ይገባል፡፡ እየሠሩ ሳለ ስክሪኑ ድንገት ከጨለመ ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ መጫን የምስሉን ድራይቨር እንደገና ያስነሳዋል፡፡ የተከፈተው ሰነድ አይነካም፡፡ ይህን ቢያንስ ጸሐፊዎች ሁሉ ቢያውቁት እላለሁ፡፡ እንዲሁም ስፋት ሲቀይሩ ስክሪኑ ከጨለመ ደንግጠው መብራት አይንቀሉ፤ 15 ሰከንድ ይታገሱ፣ ዊንዶውስ ማረጋገጫ ካላገኘ ወደ ነበረበት ይመለሳል፡፡

አርማው እንኳን ካልታየስ?

እንግዲህ ጉዳዩ የድራይቨር አይደለም፤ ድራይቨር ሥራ የሚጀምረው ዊንዶውስ ሲነሳ ነውና፡፡ ሣጥኑን ከመብራት ነቅሎ፣ ከፍቶ፣ የራሙን ካርድ አውጥቶ የመዳብ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ማሸትና መመለስ የሠፈር ጠጋኝ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ በአቧራማ ከተማ በእርግጥም ይሠራል፡፡ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ካለም በዚያው መንገድ ነቅሎ መመለስ ነው፡፡ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ከጀርባው ሁለት የምስል መውጫ ይኖረዋል፤ ኬብሉ መሰካት ያለበት በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ላይ አይደለም፡፡ ቢሮ ከተዘዋወረ በኋላ “ኮምፒዩተሩ ሞተ” ከሚባሉት ጥቂት የማይባሉት በዚህ ስህተት ነው፡፡

ሌላው የዘመኑ ወጥመድ አዲስ ኮምፒዩተርን ከአሮጌ ሞኒተር ማገናኘት ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲደርስ በዞኑ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር ተዘርፎባቸዋል፣ ተሰብሮባቸዋል፡፡ ከዚያ ወዲህ ቢሮው የተሞላው ከየትም በተገኘ ዕቃ በመሆኑ ሣጥኑ ኤችዲኤምአይ ብቻ፣ ሞኒተሩ ቪጂኤ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፡፡ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል፣ ቪጂኤ አናሎግ ስለሆኑ በሁለት ጫፍ ሁለት ዓይነት ራስ የተገጠመለት ተራ ገመድ ምስል አያሻግርም፡፡ ውስጡ መለወጫ ቺፕ ያለው አስማሚ መግዛት ያስፈልጋል፡፡ ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ሰክተው አሳዩኝ ይበሉ፡፡

ድራይቨሩን መትከል

ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን ፊደሉ የተለጠጠ፣ ገጹ ሲንቀሳቀስ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ትክክለኛው ድራይቨር የለም፡፡ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ይክፈቱ፡፡ “ስታንዳርድ ቪጂኤ” ወይም “ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር” ካለ ዊንዶውስ በጊዜያዊ ውክልና እየሠራ ነው፡፡ ባለቤቱን ለማወቅ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲ ውስጥ ይግቡ፡፡ ቬን ከሚለው ቀጥሎ 8086 ካለ ኢንቴል፣ 10ዲኢ ካለ ኤንቪዲያ፣ 1002 ካለ ኤኤምዲ ነው፡፡ ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፎ መርሳ ወይም ወልዲያ የተሻለ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዶ ከአምራቹ ገጽ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፡፡ ዴል ከሆነ ደግሞ በሣጥኑ ላይ ያለው ሰባት ፊደልና ቁጥር የሆነው ሰርቪስ ታግ ይበቃል፡፡ በዲቪዲና በፍላሽ የሚዞሩትን “ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ” የሚሉ ጥቅሎች አልወድም፤ ከአንድ አስፈላጊ ነገር ጋር አምስት ያልጠሩትን እንግዳ ይዘው ይገባሉ፡፡ ችግሩ የጀመረው ድራይቨር ከታደሰ በኋላ ከሆነ በዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሮል ባክ ድራይቨር የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሳል፡፡

ድራይቨር የማያድነው አንድ ነገር አለ፤ የአማርኛ ፊደል ሣጥን ሣጥን ወይም የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ መታየት፡፡ “ስክሪኑ አበላሸው” ይባላል፣ ስክሪኑ ግን ንጹሕ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፡፡ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፉ ሰነዶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ በመሆናቸው ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ሌላ ነገር ያሳያሉ፡፡ ከውርጌሳ ወደ ደሴ ሲሄዱ የምትገኘው ውጫሌ ስሟን የሰጠችው ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል እንደነበር እናስታውሳለን፡፡ ሰነድ በሁለት ቦታ ሁለት ነገር እንዳይል ከፈለጉ ወደ ፒዲኤፍ ለውጠው ይላኩ፤ ፎንቱን አብሮ ይዞ ይሄዳል፡፡

ለጽሕፈት ቤቶች አንድ ምክር ልጨምር፡፡ ተጨማሪ ሞኒተር ካለ ወደ ደንበኛው አዙሮ መስካትና የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭኖ ዱፕሊኬትን መምረጥ ነው፡፡ ደንበኛው የስሙን አጻጻፍና የገንዘቡን ልክ ሲጻፍ እያየ ያርማል፡፡ በአንድ ፊደል ስህተት ከመታወቂያው ጋር ያልተመሳሰለ ስም ስንት ቀጠሮ እንደሚያስከትል ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል፡፡

የመጨረሻው ጉዳይ የዕድሜ ነው፡፡ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቋርጧል፡፡ በየሱቁ ካሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም፡፡ እንደ ኢንቴል 945 ባሉት ላይ እንዲያውም አምራቹ ከዊንዶውስ 7 ወዲህ የምስል ድራይቨር አላወጣም፤ በእነሱ ላይ ዊንዶውስ 10 ጭኖ ስክሪኑን ለማስተካከል ቀን መፍጀት ከንቱ ድካም ነው፡፡ ሊኑክስ የእነዚህን አሮጌ ቺፖች ድራይቨር አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ለመጻፍና ለማተም ሊሞከር ይችላል፤ አስቀድሞ በፍላሽ አስነስቶ ስክሪኑና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ማየት ይቻላል፣ ሃርድ ዲስኩም አይነካም፡፡ የውርጌሳዋ ጸሐፊ እስካሁን በዊንዶውስ 7ቷ ላይ ናት፡፡ ኬብሉን ግን ቀይራለች፡፡