ዋናውን የማንነት ሰነድ ለውጭ አገር አሠሪ ስለመላክ

ወደ ውጭ አገር ለሥራ ለመሄድ የተዘጋጁ ዜጎች፣ አንዳንዴም ገና የሥራ ውል ሳይፈርሙ፣ «ዋናውን ሰነድ ላኩልን» የሚል ጥያቄ ከአሠሪ ወይም የአሠሪ ወኪል ነኝ ከሚል ሰው ይቀርብላቸዋል። የሚጠየቀው ሰነድ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ የትምህርት ወይም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። አንድ አሠሪ ሠራተኛ ለመምረጥና ለመቅጠር የሚያስፈልገው መረጃ በቅጂ ሊደርሰው ይችላል። ዋናው ሰነድ (በተለምዶ ኦርጅናል የሚባለው) ከባለቤቱ እጅ ሊወጣ የሚገባው ለተወሰነ ጉዳይ፣ ለሚታወቅ ተቋምና በጽሑፍ ማረጋገጫ ብቻ ነው።

ጥያቄው ከማን እንደመጣ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በሕግ ከተመለከቱ ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር አንድ የውጭ አገር አሠሪ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛን በቀጥታ እንዳይቀጥር ይከለክላል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ሠራተኛው ዕድሜው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላ መሆን አለበት፤ የግል ኤጀንሲም በዚህ ሥራ ሊሰማራ የሚችለው ፈቃድ ሲኖረው ነው። ስለሆነም በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ተዋውቆ «ፓስፖርትሽን በፖስታ ላኪልኝ፣ የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ» የሚል አሠሪ፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆን እንኳ የሚጠይቀው ነገር ከሕጋዊው መስመር ውጭ ነው።

የዋና ሰነድ መጥፋት ጉዳት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በደቡብ ጎንደር ዞን የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አርብ ገበያ ወይም በአጎራባቾቹ በስማዳና በላይ ጋይንት የሚኖር ሥራ ፈላጊ ሰነዱን ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ለሹፌር፣ ለዘመድ ወይም ለደላላ አደራ ብሎ ወደ አዲስ አበባ መስደድ ይኖርበታል። ሰነዱ በመንገድ ላይ ከሁለትና ከሦስት ሰው እጅ ያልፋል፤ ሲጠፋ ግን ተጠያቂው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ምትክ ማግኘትም በአንድ መስኮት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ፓስፖርትን የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሚገኘው ልደቱ ከተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ መዝገቡ በዚያ ስላለ ምትኩ ከሌሎቹ በቀለለ ሁኔታ ይገኛል። የትምህርት ማስረጃ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም ወደ ሰጠው አካል ያስኬዳል።

አሠሪው ማንነትን፣ ዕድሜንና ሙያን ለማጣራት ከፈለገ የሰነዱ ግልጽ ፎቶግራፍ ወይም ስካን ይበቃዋል። ጠንከር ያለ ማረጋገጫ ሲጠየቅ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ የተረጋገጠ ቅጂ መስጠት ይቻላል። በሚሰጠው ቅጂ ላይ ጽሑፉን በማይሸፍን ሁኔታ «ለእገሌ ድርጅት ቅጥር ብቻ የተሰጠ» ብሎ ቀን መጻፍ ጠቃሚ ነው፤ ቅጂው በሌላ እጅ ቢገባ ከየት እንደወጣ ይጠቁማል። የፋይዳ መለያ ቁጥር በተጠየቀ ጊዜ ቁጥሩን መስጠት ማለት በስልክ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ኮድም መስጠት ማለት አይደለም። ኮዱ ለማንም አይነገርም።

ብዙ ጊዜ ዋናው ሰነድ የሚጠየቀው በሰነዶች መካከል ልዩነት ሲገኝ ነው። የአያት ስም በአንዱ ኖሮ በሌላው ይቀራል፤ የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲቀየር ይዛባል፤ ስሙ በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል። ዋናው ሰነድ ስለተላከ እንዲህ ያለው ልዩነት አይስተካከልም። የሚስተካከለው ሰነዱን ባወጣው አካል ዘንድ ነው፤ ይህም ከፓስፖርት ማመልከቻ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል። በአርብ ገበያና በአካባቢዋ ለሚኖሩ፣ የገበያው ቀን የሥራ ቀንም ስለሆነ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ጉዞ መፈጸም ይቻላል። ሆኖም አርብ የመንግሥት ሠራተኞች የምሳ ዕረፍት ከሌሎቹ ቀናት ስለሚረዝም በጠዋት መድረስ ይገባል።

ዋናው ሰነድ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በውጭ አገር የሚቀርብ የትምህርት ወይም የልደት ማስረጃ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲረጋገጥ ዋናው ይቀርባል፤ ተረጋግጦም ለባለቤቱ ይመለሳል። ቪዛ በፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ከሆነም ፓስፖርቱ ወደ ተቀባይ አገር ኤምባሲ መግባቱ ግድ ነው። በዚህ ጊዜ ፓስፖርቱን የሚረከበው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ የፓስፖርቱን ቁጥር፣ የተረከበበትን ቀንና የሚመልስበትን ጊዜ የያዘ፣ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ሊሰጥ ይገባል። ደረሰኝ ለመስጠት የሚያንገራግር ኤጀንሲ ፓስፖርት ሊረከብ አይገባውም።

ሰነድ የገንዘብ መያዣ አይደለም። «ወጪ አውጥተንብሻል፣ እስክትከፍይ ፓስፖርቱ እኛ ጋ ይቆያል» የሚለው አነጋገር የሕግ መሠረት የለውም። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ዋስትና ወጪዎች በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የተጣሉት በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛው የሚሸፍናቸው እንደ ፓስፖርት ማውጫ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው።

ከጉዞ በኋላም ያው ነው። አሠሪው የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት ፓስፖርቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ግን መመለስ አለበት። በኳታር በአውሮፓውያን 2015 የወጣው ሕግ ቁጥር 21 ፓስፖርት ይዞ የሚያስቀር አሠሪን እስከ 25,000 ሪያል ያስቀጣል። ኩዌትም በዚያው ዓመት ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ድርጊቱን ከልክላለች። የዓለም የሥራ ድርጅት የማንነት ሰነድ መያዝን የግዳጅ ሥራ ምልክት ናቸው ካላቸው 11 ነገሮች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣው ስምምነት ቁጥር 189ም ሠራተኛው ሰነዱን በእጁ የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ቢልም በሰው ቤት ውስጥ ብቻውን ለሚሠራ ሰው መብቱን መጠየቅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የሥራ ውሉን ቅጂ ለቤተሰብ ትቶ መሄድና በስልክም ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሰነዱ ቀድሞ ተልኮ ከሆነ፣ እንዲመለስ በጽሑፍ መጠየቅና የተላላኩትን መልእክት አለማጥፋት ተገቢ ነው። ካልተመለሰ አቤቱታው ለወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ይቀርባል። በሰው እጅ የተያዘን ፓስፖርት «ጠፋብኝ» ብሎ ማስመዝገብ ግን አይመከርም። ነገሩ ሐሰተኛ ቃል ከመሆኑም በላይ ፓስፖርቱ ከተሰረዘ በላዩ ያለው ቪዛ አብሮ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል ሰነዱ በማን እጅ፣ ከመቼ ጀምሮና በምን ምክንያት እንደተያዘ የሚገልጽ ይሁን። በውጭ አገር ያለ ዜጋ ወደ ቅርቡ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሊያመለክት ይችላል፤ ፓስፖርቱ ሳይመለስለት ወደ አገሩ መግባት የሚሻ ከሆነም ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የጉዞ ሰነድ ከዚያው ይጠይቃል። ቤተሰብ ጋ የቀረው ቅጂ በዚህ ጊዜ የባለጉዳዩን ዜግነትና ማንነት ለማጣራት ያገለግላል።